ፀሐዩ ፀ ያለባት ስዊች

ባለፈው ሐምሌ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢ ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት እናት የሻይ ማፍያቸውን በባጃጅ ጭነው መጡ። ባለ 20 ሊትር ነው። አይዝጌ ብረት፣ ከታች ቧንቧ ያለው፣ ሠርግ ቤትና ስብሰባ ላይ የምታውቁት ዓይነት። «ልጄ፣ ይቺ ነገር ዛሬ ሸትታ ሸትታ ጸጥ አለች» አሉኝ። የማርቆስን የሐምሌ ጧት የሚያውቅ ሰው ይረዳኛል። ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ ጆሮው ጠቅልሎ ብርጭቆ ለመጨበጥ የሚሰለፍበት ሰዓት ላይ የማትሠራ ማፍያ ማለት የተዘጋ ቤት ማለት ነው።

ማፍያዋ ሦስት ጊዜ ግራ አጋባችኝ። ሦስቱም ጊዜ መልሱ የታች ክዳኗ ውስጥ በተለጠፈች የመዳፍ ስፋት ያላት ወረቀት ላይ ነበር። እኔ ግን ወረቀቷን የማንበብ ትዕግሥት አልነበረኝም። ዛሬ ስለዚያች ወረቀት ነው የምጽፈው፣ ማለትም ምጣድ፣ ቦይለር፣ ካውያ፣ የክፍል ማሞቂያ ውስጥ ስለሚገኘው የሽቦ ዲያግራም፣ በተለይ ደግሞ ስለ ስዊቾቹ ምልክት። ሌላው ምልክት ብዙም አያስቸግርም። ሬዚስታንስ፣ ያ የሚግለው ክፍል፣ ሬዚስታንስ ነው፣ አራት ማዕዘን ወይም የመጋዝ ጥርስ የመሰለ መስመር። ሰውን የሚያሳስተው ስዊቹ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ስከፍታት ውኃ አልቆባት በደረቁ ነድዳለች። ሬዚስታንሷ ተበጥሷል፣ ከጎኑ ያለችው ክብ ቴርሞስታት፣ ሙቀቱን የምትቆጣጠረው፣ እሷም ጠቁራለች። ጠጋኞች «ኬኤስዲ 301» የምንላት፣ ከአንድ ብር ሳንቲም የምታንስ፣ ሁለት እግር ያላት። ውስጧ ጎበጥ ያለች ስስ ብረት አለች፤ የተወሰነ ሙቀት ላይ ስትደርስ ጠቅ ብላ ወደ ሌላ በኩል ትገለበጣለች። አሮጌዋ ላይ 95 የሚል ቁጥር ስላየሁ 95 የሚል አዲስ ገዛሁ። ሬዚስታንሱንም ቀየርኩ። ውኃ ሞላሁ፣ ሰካሁ፣ አበራሁ።

ምንም የለም።

ስፒናውን ነቅዬ ቴስተር አወጣሁ። ሬዚስታንሱ 24 ኦም አካባቢ አሳየኝ። ባለ 2000 ዋት በ220 ቮልት ማሳየት ያለበት ይህንኑ ነው፤ 220ን በራሱ አባዝታችሁ ለ2000 ስታካፍሉት 24.2 ይመጣል። (ይህቺን ስሌት ያዟት፣ ብዙ ገንዘብ ታድናለች።) ሬዚስታንሱ ደህና ነው። ስፒናው ደህና ነው። ማብሪያው ደህና ነው። አዲሷን ቴርሞስታት ግን አዲስ ናት ብዬ አልለካኋትም። እንዲህ እያልኩ ግማሽ ቀን አጠፋሁ።

ማታ ላይ ወረቀቷን አየሁ። እዚያ ላይ ከቴርሞስታቷ ምልክት አጠገብ አንዲት ክብ፣ መሃሏን አግድም መስመር የቆረጣት ፊደል አለች። የግሪኮች ፊደል ናት፣ ቴታ ይሏታል፣ በዲያግራም ላይ ሙቀት ማለት ናት። እኔ ግን ሳያት ፀሐዩ ፀ ነው የመሰለችኝ፤ ያንን የፊደል ገበታ ላይ ስንቆጥር ከጸሎቱ ጸ ለመለየት የምንጠራውን። ከዚያ ወዲህ ሌላ ስም አልሰጠኋትም። ፀሐዩ ፀ ያለባት ስዊች ሙቀት የሚነካት ስዊች ናት፣ አለቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ስዊች ሁሉ ሥራው አንድ ነው፣ ሽቦ ማገናኘትና መለያየት። ልዩነቱ ማን ነው የሚነካው የሚለው ነው። ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ያለውን የምንነካው እኛ ነን፤ ማሞቂያ ውስጥ ግን አብዛኛውን የሚነካው ሰው አይደለም። ሙቀት ነው፣ ውኃ ነው፣ እንፋሎት ነው፣ የዕቃው የራሱ ክብደት ነው። ከስዊቹ ምልክት ጋር የተያያዘችው ትንሽ መስመር፣ ጅራቱ፣ የሚነግራችሁ ይህንን ነው። ጅራቱ ጫፉ ላይ እንደ ቁልፍ ጠፍጣፋ ከሆነ የሰው ጣት ነው። ትንሽ ኳስ ከተንጠለጠለበት የውኃ ከፍታ ነው። እንደ ጉልላት ግማሽ ክብ ከሆነ ግፊት ነው። ፀሐዩ ፀ ወይም ደግሞ እንደ ደረጃ የተጣጠፈች ትንሽ መስመር ካለችበት ሙቀት ነው። መጀመሪያ ጅራቱን ፈልጉ። ስለ እጁ፣ ማለትም ሽቦውን ስለሚያገናኘውና ስለሚለየው መስመር፣ ከዚያ በኋላ እናወራለን።

እጁ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ወይ ተነካክቶ ይሳላል ወይ ተለያይቶ ይሳላል። ፈረንጆቹ የተለያየውን «ኖርማሊ ኦፕን» የተነካካውን «ኖርማሊ ክሎዝድ» ይሉታል። እኛ አገር ይሄ አባባል ስንቱን ተማሪ እንዳምታታ አትጠይቁኝ። በአማርኛ ቴሌቪዥን ክፈት ስንል አብራ ማለታችን ነው። ሬዲዮ ዝጋ ስንል አጥፋ ማለታችን ነው። ስዊች ላይ ግን ክፍት ማለት ኤሌክትሪክ የማያልፍበት፣ ዝግ ማለት የሚያልፍበት ነው፣ ልክ ግልባጩ። ስለዚህ እኔ ዘንድ ለሚማሩት ልጆች ክፍትና ዝግ የሚል ቃል ከልክያለሁ። የተገናኘ፣ የተቋረጠ። በቃ።

እሺ፣ «ኖርማሊ» ያለው መቼ ነው? ብዙ ሰው ማሽኑ በደህና ሲሠራ ማለት ይመስለዋል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ዲያግራሙ ማሽኑ ተኝቶ እያለ የተነሣ ፎቶ ነው በሉት። ስፒናው ተነቅሏል፣ ማንም ቁልፍ አልነካም፣ ውኃው አልገባም፣ ብረቱ ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ሰዓት እጁ ተነካክቶ የሚገኝ ከሆነ ተነካክቶ ይሳላል። ስለዚህ ቦይለር ትኩስ እያለ ከፍታችሁ ቴርሞስታቱን ለክታችሁ «ወረቀቱ ተገናኝቷል ይላል፣ ቴስተሩ ተቋርጧል ይላል፣ እንግዲያው ተበላሽቷል» ብትሉ ተሳስታችኋል። ሞቆ ሥራውን እየሠራ ነው። እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጡና ድገሙት።

ወደ ማፍያዋ ልመለስ። ወረቀቷ ላይ ፀሐዩ ፀ ያለባት ስዊች እጇ የተገናኘ ነው። ከላይኛው ሽቦ ጫፍ አጭር ጥርስ ወጥታ እጇን ይዛታለች። ማለት ሲቀዘቅዝ የተገናኘች፣ ሲሞቅ የምትለያይ። እኔ የገዛኋት ደግሞ ተቃራኒዋ ናት፤ ሲቀዘቅዝ የተለያየች፣ 95 ሲደርስ የምትገናኝ። ለማራገቢያ የምትሆን ናት፤ አንድ ነገር ሲግል ነፋስ እንዲነሣለት። ማሞቂያ ላይ ስትገጠም ግን እስኪሞቅ አላገናኝም ትላለች፣ ካላገናኘች ደግሞ አይሞቅም። እስከ ምጽአት መጠበቅ ነው። የሚያናድደው ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። አንድ መልክ፣ አንድ ቁጥር፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ተደባልቀው ይሸጣሉ። አሁን ሱቅ ስሄድ ቴስተሬን ይዤ ነው፤ ቀዝቃዛዋን እዚያው ባንኮኒው ላይ እለካታለሁ። ባለሱቁ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ።

በነገራችን ላይ ፀሐዩ ፀን የምታገኙት ከቻይናና ከአውሮፓ በሚመጣ ዕቃ ላይ ነው። የአሜሪካ ዕቃ ከገጠማችሁ፣ አንዳንዴ አሮጌ ምድጃ ወይም ልብስ ማድረቂያ ይመጣል፣ ምልክቱ ያቺ ደረጃ የመሰለች ጅራት ናት። እሷን ለማንበብ እኔ የምጠቀምበት ዘዴ ይህ ነው። ጅራቷ ከእጁ በታች ተንጠልጥላለች፣ ሙቀት ሲመጣ ወደ ላይ ትገፋለች ብላችሁ አስቡ። እጁ ከነጥቡ በላይ ተቀምጦ ከሆነ ስትገፋው ከነጥቡ ይነሣል፣ ይቋረጣል። እጁ ከነጥቡ በታች ወርዶ ከተሳለ ስትገፋው ወጥቶ ነጥቡን ይነካል፣ ይገናኛል። ጣታችሁን ወረቀቱ ላይ አድርጋችሁ ወደ ላይ ግፉት፣ ሌላ ምንም መሸምደድ አያስፈልግም።

ትክክለኛዋን ቴርሞስታት ገጠምኩ፣ ማፍያዋ ፈላች፣ እትዬ መርቀውኝ ሄዱ። በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች። እንደገና ደርቃ ነድዳለች።

አፈርኩ። የአሁኑን ሬዚስታንስ ከኪሴ ነው የገዛሁት። በዚህ ጊዜ ግን ወረቀቷን ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋትና ከመጀመሪያው ጀምሬ በእርሳስ እየተከተልኩ አነበብኳት። ቡናማው ሽቦ፣ ፌዙ፣ ማለትም የሚነዝረው፣ ይገባል። ማብሪያው ጋ ሁለት እጆች በነጠብጣብ መስመር ተያይዘዋል። ይህች ነጠብጣብ ኤሌክትሪክ አያልፍባትም፤ ሁለቱ እጆች አብረው ይንቀሳቀሳሉ ማለት ብቻ ነው፣ እንደ አንድ ቀንበር ሁለት በሬ። አንዱ እጅ ፌዙን፣ ሌላው ሰማያዊውን ኒውትራል፣ የመመለሻውን ሽቦ፣ ይቆርጣል። ለምን ሁለቱንም? የእኛ አገር ክብ እግር ስፒና ገልብጣችሁም ብትሰኩት ይገባላ። ዛሬ ፌዝ በቀኝ የገባው ነገ በግራ ሊገባ ይችላል። ማብሪያው አንዱን ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ግማሹን ጊዜ የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው፤ ዕቃው ጠፍቷል ትላላችሁ፣ ሬዚስታንሱ ላይ ግን 220 ቁጭ ብሏል። እንጀራ ጋጋሪ ሴቶች ምጣዱን አጥፍተው በእርጥብ ጨርቅ ሲያሰሱ ነዘረን የሚሉት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ነጠብጣብ ያለበት ዲያግራም ካያችሁ ባለ አንድ እጅ ማብሪያ አትተኩበት፣ ርካሽ ነው ብላችሁ።

ከማብሪያው ቀጥሎ ፀሐዩ ፀ ያለባት ስዊች። ይህቺ ቴርሞስታቷ ናት። ከዚያ ቀጥሎ... ሌላ ፀሐዩ ፀ ያለባት ስዊች። ከጎኗ ደግሞ የጣት ቁልፍ ምልክት አላት።

ቆይ። ሁለት ናቸው?

ማፍያዋን ገለበጥኩ። አንድ ብቻ ናት። ሁለተኛዋ መኖር ያለባት ቦታ ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳ ቀርቷል። ከቀዳዳው አጠገብ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ አለ። ከእኔ በፊት የጠገነ ሰው አውጥቶ ጥሏታል፣ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶታል። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከፍቼ ያንን ፕላስተር ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ወረቀት ያለውን ብቻ ሳይሆን የጎደለውንም ይናገራል። ስዊቾቹን ወረቀቱ ላይ ቁጠሩ፣ ዕቃው ውስጥ ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልገጠመ አንድ ጠጋኝ በመሃል አልፏል።

ፀሐዩ ፀ ያለባት የጣት ቁልፍም ያላት ስዊች ትርጉሟ እንዲህ ነው፤ የሚያቋርጣት ሙቀት ነው፣ መልሶ የሚያገናኛት ግን ሰው ብቻ ነው። በራሷ አትመለስም። ቦይለራችሁ ውስጥም አለች፣ ክዳኑን ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ ቀይ ወይም ነጭ ትንሽ ቁልፍ ሆና ታገኟታላችሁ። ቴርሞስታቱ ተጣብቆ ውኃው ከልክ በላይ ቢግል የመጨረሻዋ በር እሷ ናት። ወንድሟ ደግሞ የሙቀት ፊውዝ ነው፤ እሱ ስዊች አይደለም፣ አንዴ ከሄደ ሄደ፣ ይቀየራል። ሁለቱንም አውጥቶ በሽቦ ማገናኘት «ቀጥታ ማድረግ» ይባላል እኛ መንደር፣ እንደ ብልሃትም ይቆጠራል። ደንበኛ ራሱ «ቀጥታ አድርግልኝና ልሂድ» ይላል። እኔ አላደርግም። ገንዘብ አጥቼበታለሁ፣ አሁንም አላደርግም።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም ነበር። እሺ ሁለተኛዋ ስዊች፣ በደረቁ እንዳትነድ የምትከላከለው፣ የለችም። ቴርሞስታቷ ግን አለች፣ ትክክለኛም ናት፣ ለክቻታለሁ። 95 ላይ አቋርጣ ውኃው ቀስ እያለ መቀዝቀዝ ነበረበት፣ ቶሎ ተንኖ ማለቅ አልነበረበትም። ለምን አላቋረጠችም?

ማፍያዋን ውኃ ሞልቼ አፈላሁና ቴርሞሜትር ከተትኩ። ውኃው እየተንተከተከ ነው፣ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ቆሟል። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ 92። ያን ጊዜ ነው ትምህርት ቤት የተማርኩት ትዝ ያለኝ። ውኃ 100 ላይ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ ውኃ በ92 ገደማ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ አይግልም፣ የቀረው ኃይል ሁሉ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ባሕር ዳር እንኳ ብትወርዱ 94 ገደማ ነው። እንግዲህ 95 ላይ እንድታቋርጥ የተሠራች ቴርሞስታት ጎጃም ደጋ ላይ ውኃ እስካለ ድረስ አታቋርጥም። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ከፀሐዩ ፀ ጎን በግልጽ ተጽፏል፣ የተጻፈው ግን ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ማፍያዋ ሲያጠፏት ካልሆነ በቀር ቀኑን ሙሉ ስትንተከተክ፣ 9 አምፔር ስትጠጣ፣ ውኃዋን ስታተን ትውላለች። ምንቸት ላይ ክዳን ረስቶ ገበያ እንደ መሄድ ነው።

እትዬን ጠርቼ ነገርኳቸው። 85 የሚል ላድርግልዎት፣ ሻዩ ትኩስ ይሆናል፣ ቆጣሪውም ያርፋል አልኳቸው። አሳይቼም ሞከርኩላቸው። ብርጭቋቸውን አንድ ጊዜ ፉት ብለው መልሰው አስቀመጡት። «ሳይንተከተክ ሻይ ነው ትለኛለህ? ይሄ እኮ ለብ ያለ የእግር ውኃ ነው፣ ሰው ይስቅብኛል» አሉ። ተከራከርኩ፣ ተሸነፍኩ። 95ቱ ይቆይ አልኩ። ያቺን የጎደለችውን ግን ያለሷ ማፍያዋን አላስወጣም ብዬ አንድ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር ይዞልኝ እንዲመጣ ላክሁት። እስከዚያው ማፍያዋ አራት ቀን እኔ ጋ ተቀመጠች፣ እትዬም አራት ቀን በከሰል ሲያፈሉ ስሜን እንዴት እንዳነሡት አልነገሩኝም።

ስለ መብራቷም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ምጣድ ላይ ዕለት ተዕለት የምሰማው ቅሬታ ነው። «መብራቱ በርቷል፣ ምጣዱ ግን አይሞቅም።» ዲያግራም ላይ አምፖሏ ክብ ናት፣ መሃሏ ኤክስ ወይም ነጥብ ያለባት። የት ተሳለች የሚለውን እዩ። ከቴርሞስታቱ በፊት ከሆነች የምትናገረው መብራት ገብቷል ብቻ ነው፤ ምጣዱ ይሙቅ አይሙቅ አታውቅም። ከቴርሞስታቱ በኋላ፣ ከሬዚስታንሱ ጎን ለጎን ከተሳለች ግን የምትበራው ሬዚስታንሱ ጋ ኤሌክትሪክ ሲደርስ ነው። እንዲህ ዓይነቷ በርታ ምጣዱ ካልሞቀ ቴርሞስታቱን አትንኩት፣ ሬዚስታንሱ ወይም እዚያው ጋ ያለው የሽቦ መገጣጠሚያ ነው። ክዳን ሳትፈቱ፣ ካቻቢቴ ሳታነሡ፣ አምፖሏን አይታችሁ ግማሹን ምርመራ ጨረሳችሁ።

የክፍል ማሞቂያ ደግሞ የራሷ ተንኮል አላት። ከእግሯ ስር፣ ማሞቂያዋ ስትወድቅ የምታጠፋት ስዊች አለች። ወለል ላይ ስትቆም ክብደቷ ቁልፉን ይጫናል፣ ይገናኛል። ዲያግራሙ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ተቋርጣ ነው የምትሳለው፤ ማሽኑ ተኝቷል ብለናላ፣ ማንም አልተጫናትም። ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ ስትለኩ ተቋርጣ ካገኛችኋት ደህና ናት። እንጂባራ አንድ ልጅ ደህናዋን አውጥቶ ቀጥታ አድርጓት አይቻለሁ። እዚያ ብርድ ላይ ሰው ማሞቂያውን አልጋ ስር ከትቶ ነው የሚተኛው፤ ያቺ ስዊች ወጥታ ስትጣል እኔ አልወድም።

ሹፌሩ ዕቃዋን አመጣልኝ። መሃሏ ላይ ቀይ ቁልፍ አላት። በአሮጌዎቹ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ልክ ገባች፣ ጥቁሩን ፕላስተር ቆርጬ ጣልኩት። በደረቁ ሞከርኳት፣ ጠቅ ብላ አቋረጠች። ወረቀቷን በላስቲክ ሸፍኜ መልሼ ለጠፍኳት። እትዬ ሲወስዷት ቀይዋን ቁልፍ አሳይቼ፣ ይህቺ ብቅ ካለች ስፒናውን ነቅለው፣ ቀዝቅዛ፣ ውኃ ሞልተው ነው የሚጫኗት አልኳቸው። ሰሙኝ አልሰሙኝ አላውቅም፣ ሂሳብ እየቆጠሩ ነበር።

መስከረም ላይ ደወሉ። ጧት ነው፣ ከኋላ የብርጭቆ ጫጫታ ይሰማኛል።

«ልጄ፣ ያቺ ቀይዋ ብቅ ብላለች። ልጫናት?»

«ውኃ አላት እትዬ?»

ዝም አሉ። ክዳን ሲነሣ ተሰማኝ።

«ቆይ እስቲ» ብለው ስልኩን ዘጉት።